ዝሆን፣ አንበሳ፣ ቀጭኔ እና ሲሚንቶ

የምርጫ ሰሞን የባሌን ጉም ይመስለኛል። ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አገሩን ይሞላዋል። በየቀኑ የምታልፉት ዛፍ ሌላ ነገር መስሎ ይታያችኋል፤ ዓመቱን ሙሉ ሰላምታ የነፈጋችሁ ሰው ከሩቅ ባርኔጣውን ያነሳላችኋል። ደግሞ በድንገት ይገፈፋል። ዛፉም ዛፍ፣ ሰውየውም ያው ሰውዬ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ያስታወሰኝ በቅርቡ የተጋበዝኩበት ስብሰባ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በምርጫ ሰሞን ከሕዝብ ጋር እንዴት ይሥሩ፣ ድጋፍስ ከየት ያግኙ በሚል ጉዳይ ወጣቶች ሲወያዩ ዋሉ። ጎበዞች ናቸው፤ «ባለድርሻ አካላት» የምትለዋን ቃል እንደ ኳስ ሲቀባበሏት ዋሉ። በሻይ ሰዓት አንዷ ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ እርስዎ እኮ በደርግ ጊዜም በዚህ ሥራ ላይ ነበሩ፣ ያኔ እንዴት ነበር አለችኝ። «ደህና ነበር» ብዬ ስኳሩ የሟሟውን ሻይ ማማሰሌን ቀጠልኩ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ፤ በወረቀት ስንጫወት ዓይን ለዓይን አንተያይም።

ያኔ የሸንጎ ምርጫ ነበር። ለአንድ ወንበር ሦስት እጩዎች ይቀርባሉ፤ ሦስቱም ከላይ ተጣርተው የመጡ ናቸው። ከሦስቱ የወደዳችሁትን ትመርጣላችሁ፤ አራተኛ መፈለግ ግን አይመከርም። ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ለእያንዳንዳቸው የእንስሳ ምልክት ተሰጣቸው። እናም ደጋ አጋዘንና ቀይ ቀበሮ ሲያይ ላደገ የባሌ ገበሬ ዝሆን፣ አንበሳና ቀጭኔ ቀረቡለት።

እኔ ጎባ ውስጥ በአንድ ትንሽ የእርዳታ ድርጅት እሠራ ነበር። ሦስት ነን፤ ኃላፊያችን አቶ ግርማ፣ ሾፌራችንና እኔ። ከሮቤ ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች አንዲት መንደር ምንጭ ገንብተን ልንከድን ጎባ መጋዘናችን ሲሚንቶ አስገብተናል። ሲሚንቶ ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ እርጥበት ካገኘው ተቀምጦ ድንጋይ ይሆናል። ዝናቡ እየመጣ ነበር። ባለፈው ዝናብ ጎርፉ የከብቱን እበት ወደ ምንጩ አስገብቶት መንደሯ ሕፃናት ቀብራለች። ከተቀበሩት አንዷ የመንደሯ ሴቶች የሚሰሟቸው የአዴ ዘይነባ የልጅ ልጅ ነበረች፤ አዴ እማማ እንደማለት ነው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ግን የሰው ጉልበት አልሰጥም አሉ። ሕዝቡ ስብሰባ ላይ ነው፤ ሁሉም ነገር ከምርጫው በኋላ። በሌላ በኩል የዝሆኑ ሰዎች መጥተው ላንድሮቨራችንን ለቅስቀሳ እንድናውሳቸው፣ ምንጩም በዝሆኑ ስም እንዲመረቅ ጠየቁ። እሺ ብንል የአንበሳውና የቀጭኔው ወገን ውሃውን እንደ መርዝ ሊያየው ነው። እምቢ ብንል ደግሞ ጸረ ምን እንደምንባል አናውቅም፤ የጸረ ዓይነት ያኔ ብዙ ነበር። አቶ ግርማ በር ዘግተው «የእኛ መኪና ሲሚንቶ እንጂ ተመራጭ አይጭንም» አሉን። በር ከፍተው ደግሞ መኪናዋ ታማለች አሉ። ውሸታም እንዳይባሉም እጅጌያቸውን ሰብስበው አንዱን ጎማ ራሳቸው ፈቱት።

ስለዚህ ወደ መንደሯ በጋሪና በእግር ሄድኩ። አዴ ዘይነባን ያገኘኋቸው እንስራቸውን አዝለው ከምንጩ ሲወጡ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ማንን ጠየቃችሁ?» አሉኝ።

ሊቀመንበሩን አልኳቸው።

«ሊቀመንበሩ ውሃ ቀድቶ ያውቃል? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛን ጠይቃችሁናል?»

አልጠየቅናቸውም።

ሲንቄ የምትባል በትር አለች። በአርሲና በባሌ ሴት ልጅ ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ ያላገባች አትይዛትም። ሰው አይመታባትም። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በአንድ ላይ ከወጡ ግን ወንድ የተባለ ሁሉ ቆሞ ያደምጣል፤ ጥያቄያቸው ሳይመለስ ቤታቸው አይገቡም፤ የገፋቸውም እርግማኑን ይቻለው። አዴ ዘይነባ ሴቶቹን ጠርተው ሲንቄ ይዘው ሊወጡ ወሰኑ፤ የሚሄዱትም ሦስቱ እጩዎች ወደሚናገሩበት የምርጫ ስብሰባ። እኔም ከኋላ ተከተልኩ፤ መከተል አይከብደኝም።

ጠዋቱ ጉም ነበር። ከፊቴ ያለችው ሴት ነጠላ ይታየኛል፣ ከዚያ ወዲያ ዓለም የለም፤ እልልታው ከሰማይ ይሁን ከምድር አይለይም። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ሕልም ውስጥ የሄድኩበት ጊዜ የለም። ስብሰባው ካለበት ሜዳ በታች ያለችውን ጅረት ስንሻገር አንዲት አሮጊት አዳለጣቸው። አዴ ዘይነባ ሊያነሷቸው ጎንበስ ሲሉ ሲንቄያቸውን «ያዢልኝ» ብለው ሰጡኝ። ያዝኩላቸው። አሮጊቷን ደግፈው ዳገቱን ሲወጡ እኔም በትሯን እንደያዝኩ አብሬ ወጣሁ። ልክ ሜዳው ላይ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈ።

ሕዝቡ በሙሉ ያየን ነበር። ቀጭኔውም።

ስለ ቀጭኔው አልነገርኳችሁም፤ አፍሬ ነው። ስሙን አልጠራም። የጎሮ አስተማሪ ነበር፣ ረጅም፤ ምልክቱን ያደሉት ሰዎች ቀልድ ያውቁ እንደነበር እጠረጥራለሁ። በጎሮ አውቶቡስ ላይ አንዳንዴ ጎን ለጎን እንቀመጥ ነበር። ስለ ገብስ አዝመራ ያወራኛል፣ እኔም በመስኮት ወደ ገብሱ አያለሁ። የመጨረሻው ጊዜ ሲወርድ፣ ከምርጫው በኋላ ጎባ መጥቼ የማጫውትሽ ነገር አለኝ አለኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ምርጫው ቶሎ እንዲደርስ የእኔን ያህል የጓጓ ዜጋ በአገሪቱ አልነበረም።

አሁን ከመድረኩ ላይ ያየኛል። ከዚያ እጄ ላይ ያለችውን አየ። ከዚያ መሬት አየ።

ሴቶቹ መድረኩን ከበቡ። ሊቀመንበሩ ይህ የምርጫ ስብሰባ ነው ማለት ጀመሩ፤ አዴ ዘይነባ አላስጨረሷቸውም።

«እናንተ ድምፅ ትፈልጋላችሁ፣ እኛ ንጹሕ ውሃ እንፈልጋለን» አሉ። «ሦስታችሁም ውረዱና ድንጋይ ተሸከሙ። ጉም ሳይኖር እንያችሁና እንመርጣለን።»

አንበሳው ስለ አሠራር አንድ ነገር ጀምሮ ተወው። ዝሆኑ ቀድሞ ወረደ፤ እናቱ ሲንቄ ይዘው ከፊት ቆመው ነበር። ያን ቀን ሦስቱ እንስሳት ድንጋይ ተሸከሙ። እጩ ከተሸከመ መራጭ ቆሞ አያይም፤ ስብሰባው እንዳለ ወደ ደቦ ተለወጠ። ሾፌራችን ጎማውን መልሶ ሲሚንቶውን አመጣ። ድርጅታችን ለማንም ሳይወግን የሦስቱንም ወገን ጉልበት አገኘ። ስብሰባ ላይ ያለችው ልጅ የጠየቀችኝ ይህን ከሆነ መልሱ ይኸው።

ለእኔ ግን አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሲንቄዋን መልሼ ድንጋይ ሳቀብል ቀጭኔው አጠገቤ መጣ።

«መቼ ነው ያገቡት?» አለኝ። አንቺ ቀርቶ እርስዎ ሆኛለሁ።

ሊቀመንበሩ ከኋላው ቆመው ጆሯቸውን አቅንተዋል። ከጠዋት ጀምሮ ሴቶቹን የሚበትኑበት ሰበብ ሲፈልጉ ነበር። አላገባሁም ብል ያላገባች የከተማ ልጅ ሲንቄ ይዛ ወጣች ይባላል፤ የሴቶቹ መውጣት ፌዝ ይሆናል፤ አዴ ዘይነባ በአገር ፊት ይዋረዳሉ፤ ምንጩም ክፍቱን ዝናቡን ይጠብቃል። አንዲት ቃል ነበረች፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። በቅርጫት ያለውን ጠጠር አነሳሁና ሄድኩ። ለሴት ልጅ ዝምታ እሺታ ነው ይባል የለ? ለእኔም እንደዚያው ተቆጠረልኝ።

ምንጩ ዝናቡ ሳይደርስ ተከደነ። በምርጫው ቀን አቶ ግርማ፣ ድርጅታችን ገለልተኛ ነው፣ አደራችሁን አሉን። ድርጅታችን በእርግጥ ገለልተኛ ነበር። እኔ ግን ቀጭኔን መረጥኩ። ያሸነፈው ዝሆኑ ነው።

ቀጭኔው ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። ከመሄዱ በፊት በምንጩ በኩል አልፎ ከቧንቧው በእፍኙ ጠጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ውሃው መጥራቱን እያየሁ ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። አፉን በእጁ ጠርጎ፣ «ባለቤትዎ የታደለ ሰው ነው፤ እግዜር ይባርክላችሁ» አለኝ።

ምን ልበል? ምርቃት አይመለስም። «አሜን» አልኩ።

ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ያልኩት ስለ አዴ ዘይነባ ክብር ነው። አምና አረፉ፤ አላህ ይማራቸው። በዚያ ምንጭ ያደጉት ሕፃናት ዛሬ ራሳቸው እየወለዱ ነው፤ ማን ምን እንደከፈለበት አያውቁም፣ ባያውቁም ውሃው አይጎልም። የተመረቀው ባልም ቢዘገይም መጣ፤ ቀጭኔው ግን አይደለም፤ ከተጋባን ሠላሳ ዓመት አለፈን። የታደለ መሆን አለመሆኑን ይህን ሲያነብ እሱው ይንገራችሁ።