ጉዳዩ፦ የጋሽ ታሂር አድናቂዎች

(ቆቦ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። የሰባ ስድስት ዓመቱ ገጣሚና የዘፈን ደራሲ ታሂር በቤታቸው በረንዳ ላይ በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጣው የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሙዓዊያ በዚያ ሙቀት ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ከማሽላ ጎተራ የወጣ አንድ ጆንያ ደብዳቤ ዘርግፎ፣ አንዱን ወረቀት ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያያል።)

ሙዓዊያ፦ ይህ የወረቀት መብሻ ሥራ ነው!

ታሂር፦ ነቀዝ ነው።

ሙዓዊያ፦ ጋሽ ታሂር፣ እኔ ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ቀዳዳ አውቃለሁ።

ታሂር፦ እኔም ሰባ ስድስት ዓመት ማሽላ የበላሁ ሰው ነኝ። ነቀዝ አውቃለሁ።

ሙዓዊያ፦ ነቀዝ እንዲህ አስተካክሎ፣ እንዲህ ክብ አድርጎ አይበሳም!

ታሂር፦ የተማረ ነቀዝ ይሆናላ።

(ከቀዳዳው አንድ ነቀዝ ይወጣል። ሁለቱም ያዩታል። ነቀዙ ተመልሶ ይገባል።)

ሙዓዊያ፦ (በመዝገቡ ላይ ይጽፋል) «ቀዳዳ፣ አንድ። ነዋሪ ያለበት።»

ታሂር፦ ኧረ ፍጠን ወንድምዋ፣ ባጃጁ በስምንት ሰዓት ይመጣል።

ሙዓዊያ፦ ባጃጁ ይጠብቃል። የባህል አዳራሹ በስምዎ አንድ ክፍል ሊከፍት ነው። «አድናቂዎቻቸው የጻፉላቸው ደብዳቤዎች» ተብሎ መስታወት ውስጥ ይደረደራል። እውነተኛ መሆናቸውን እንዳረጋግጥ የተመረጥሁት እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፦ «እውነተኛ» እና «የተፈበረከ»። አንዱ ላይ ምልክት ሳላደርግ ይህ ጆንያ ከበረንዳው አይወርድም።

ታሂር፦ በል «እውነተኛ» ላይ አድርግና ሻይ እንጠጣ።

ሙዓዊያ፦ አልችልም።

ታሂር፦ ሻይ ከለከሉህ እንዴ?

ሙዓዊያ፦ ሻይ አላልሁም! ጋሽ ታሂር፣ ልንገርዎ። እነዚህን ደብዳቤዎች የጻፉት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

ታሂር፦ እኔ?

ሙዓዊያ፦ እርስዎ። ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ለራስዎ አድናቂ ሆነው ለራስዎ ሲጽፉ ኖረዋል።

ታሂር፦ (አስበው) እና መልስ ስጽፍ የኖርሁት ለማን ነው?

ሙዓዊያ፦ ለራስዎ!

ታሂር፦ እንደዚያ ከሆነ እንኳ ጨዋ ሰው ነኝ። አንዱንም ሳልመልስለት አልቀረሁም።

ሙዓዊያ፦ አይቀልዱ። «የተፈበረከ» ላይ ምልክት ላደርግ ነው።

ታሂር፦ (ከበርጩማው ከፍ ብለው) ኧረ ባላህ! «ለራሱ ናፍቆት የሚጽፍ ሽማግሌ» ይሉኛል እኮ። ከዋጃ እስከ ሮቢት ይዘፈንብኛል። እሱንም ዘፈን ሌላ ሰው ነው የሚጽፈው፤ ግጥሙን ያበላሹታል።

ሙዓዊያ፦ ማስረጃ አለኝ። መቶ አሥራ ሁለት ደብዳቤ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ፈራሚ፣ የእጅ ጽሑፉ ግን አንድ። ይህን ይዩ፤ እያንዳንዱ ፊደል ጉልበቱ ላይ እንደሚንበረከክ ግመል ይታጠፋል። ሠላሳ ዘጠኝ ሰው እንዴት በአንድ እጅ ይጽፋል?

ታሂር፦ ተራ በተራ።

ሙዓዊያ፦ ያድምጡ! «ቀን፦ ጥር 4 ቀን 1994 ዓ.ም.። ለተከበሩ ገጣሚ ታሂር፣ ቆቦ። አመልካች፦ ሰይዳ፣ የጨው ነጋዴ፣ ከዋጃ። ጉዳዩ፦ በዘፈንዎ ምክንያት መንገድ ላይ ስለቆመች ግመል።» ጉዳዩ! «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ዘፈንዎ ከአንድ ሻይ ቤት ሬዲዮ ሲሰማ ግመሌ እስኪያልቅ አልነቃነቅም ብላለች። ካለቀም በኋላ ይደገም ብላ ቆማለች። ስለሆነም ወይ ዘፈኑ እንዲያጥርልኝ፣ ወይ ግመሏ እንድትመከርልኝ በታላቅ አክብሮት አመለክታለሁ። ግልባጭ፦ ለግመሏ።»

ታሂር፦ እሷ ደግ ሴት ናት።

ሙዓዊያ፦ አሁን የጨው ነጋዴ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ትላለች?

ታሂር፦ ግን ደርሷት ይሆን?

ሙዓዊያ፦ ማን?

ታሂር፦ ግመሏ። ግልባጩ።

ሙዓዊያ፦ ጋሽ ታሂር! ይህ ደግሞ ከሮቢት የመጣ ነው። «ጉዳዩ፦ ግጥም እያዳመጥሁ የተቃጠለ ወጥን ይመለከታል። አባሪ፦ ከድስቱ የተፋቀ አንድ ቁራሽ።» አባሪ እኮ ነው ያለችው! ቁራሹም ተሰፍቶ አለ! ይህን የአጻጻፍ ሥርዓት በቆቦ ከእኔ በቀር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የለም።

ታሂር፦ እሱስ እውነትህን ነው። ካንተ ነው የተቀዳው።

ሙዓዊያ፦ አመኑ! ከእኔ ቀዱ!

ታሂር፦ እኔ አልቀዳሁም።

ሙዓዊያ፦ ታዲያ ማን ቀዳ?

ታሂር፦ (አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ) ምያለሁ።

ሙዓዊያ፦ ምን ብለው?

ታሂር፦ እንዳልናገር።

ሙዓዊያ፦ ለማን ነው የማሉት?

ታሂር፦ እሱንም እንዳልናገር።

ሙዓዊያ፦ ይህስ? የወረቀቱን ጀርባ ይዩት። የእኛ መሥሪያ ቤት የተሻረ ቅጽ ነው! የተሻረ ቅጽ ከግቢ እንዲያወጣ የተፈቀደለት አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ታሂር፦ ማን?

ሙዓዊያ፦ እኔ። ለጓዳ መደርደሪያ ንጣፍ እወስደው ነበር።

ታሂር፦ እሺ።

ሙዓዊያ፦ ስለዚህ ቤቴ ገብተው ወስደዋል።

ታሂር፦ ሠላሳ ዓመት ጓዳህ ስገባ ስወጣ ሚስትህ አታየኝም?

ሙዓዊያ፦ ጀዊሪያ፣ አላህ ይዘንላት፣ ፊደል የቆጠረች ሰው አልነበረችም። ወረቀት ቢጎድል በምን ታውቃለች? ጋዜጣውን እንኳ ሁሌ እኔ ነበርሁ የማነብላት።

ታሂር፦ አላህ ይዘንላት። (ወደ አስፋልቱ ዞረው ረጅም ሳል ይስላሉ።)

ሙዓዊያ፦ ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ስም የለውም። ስለሌለውም ከሠላሳ ዘጠኙ አልቆጠርሁትም። «አመልካች፦ ስሟ እንዲገለጽ የማትፈልግ፣ ከቆቦ ከተማ። ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2003 ዓ.ም.። ጉዳዩ፦ ባለቤቴን ስለማሳወቅ።»

ታሂር፦ እሱን ተወው ወንድምዋ።

ሙዓዊያ፦ ለምን?

ታሂር፦ ነቀዝ በልቶታል።

ሙዓዊያ፦ አልተበላም! «ባለቤቴ በጓዳው ዕቃ ሁሉ ላይ ቁጥር ለጥፏል። ስኳር ሲፈልግ ስኳር አይልም፤ ‹ሰባት ቁጥርን አቅርቢ› ይላል። ባለፈው ሳምንት ጫማው ጠፋበት። ከመፈለጉ በፊት የመጥፋት ሪፖርት ጻፈ። ጫማው እግሩ ላይ ነበር። እኔ ጓዳ ገብቼ አፌን በነጠላዬ አፍኜ ሳቅሁ…» (ወረቀቱን ጥሎ ሆዱን ይዞ ይስቃል) ያ ረቢ! ይህ ባል ምን ዓይነት ደደብ ነው!

ታሂር፦ ደደብ አትበለው።

ሙዓዊያ፦ እግሩ ላይ ሆኖ እኮ ነው!

ታሂር፦ በማንም ይደርሳል።

ሙዓዊያ፦ መድረሱስ በእኔም ደርሷል። እኔ ግን ሪፖርቴን በሁለት ቅጂ ነው ያዘጋጀሁት። ይህ ደደብ ቅጂ እንኳ አላስቀረም!

ታሂር፦ ስኳሩስ?

ሙዓዊያ፦ ዕቃ ላይ ቁጥር መለጠፍ ነውር የለውም፤ እኔም ለጥፌአለሁ። ግን ስኳር እንዴት ሰባት ይሆናል? በእኛ ቤት ስኳር ዘጠኝ ነው፤ ሰባት በርበሬ ነው። አየ ጋሽ ታሂር! እንዲህ ያለ ሰው በምድር ላይ የለም፤ ፈጥረውታል። (ብዕሩን ወደ ቅጹ ያስጠጋል።)

ታሂር፦ ቆይ እስቲ ሙዓዊያ። ሌላ ማስረጃ የለህም?

ሙዓዊያ፦ የመጨረሻው አለ። የሚጥልዎትም እሱ ነው። የመጨረሻው ደብዳቤ የተጻፈው ሐምሌ 9 ቀን 2016 ነው። ከዚያ ወዲህ አንዲት ብጣሽ የለችም። ሠላሳ ዘጠኝ አድናቂ በአንድ ቀን ዝም ይላል? ሐምሌ ላይ ዓይንዎን ሞራ ጋረደዎት፤ መጻፍ አቃተዎት፤ አድናቂዎችዎም አብረው ታወሩ!

ታሂር፦ እኔን ሞራ የጋረደኝ መስከረም ነው።

ሙዓዊያ፦ ሐምሌ!

ታሂር፦ መስከረም። ደሴ ለሕክምና የወሰድኸኝ አንተው ነህ። መዝገብህን እይ።

(ሙዓዊያ ከደረት ኪሱ ትንሽ ማስታወሻ አውጥቶ ይገልጣል።)

ሙዓዊያ፦ «መስከረም 21 ቀን 2017። ጋሽ ታሂር ትናንት ዓይናቸው ስለጨለመ ወደ ደሴ…» መስከረም ነው። (ራሱን ያካል) ይህ እንዴት ሆነ?

ታሂር፦ ሐምሌስ ምን ይላል?

ሙዓዊያ፦ «ሐምሌ 9። የገበያ ቀን። ጀዊሪያ እንቁላል ልትሸጥ ሄደች።» ቀጥሎ… (ያቆማል)

ታሂር፦ ሐምሌ 10ስ?

ሙዓዊያ፦ ባዶ ነው። በዕድሜዬ ባዶ የተውሁት ገጽ እሱ ብቻ ነው። ምን ብዬ ልጽፈው ነበር?

(አንድ ሚኒባስ እየጮኸ ወደ አላማጣ ያልፋል።)

ታሂር፦ ስንት ዶሮ ነበራችሁ?

ሙዓዊያ፦ ምን?

ታሂር፦ ለእንቁላሉ።

ሙዓዊያ፦ (ማስታወሻውን ከኋላ ገልጦ በጣቱ ይከተላል) የቤት ንብረት ዝርዝር… ዶሮ… ዶሮ… ዶሮ የለንም።

ታሂር፦ ኖሯችሁስ ያውቃል?

ሙዓዊያ፦ በጭራሽ! ላባ ያስነጥሰኛል።

ታሂር፦ እኔ ምንም አላልሁህም።

ሙዓዊያ፦ ሠላሳ ዓመት በየገበያው ያለ ዶሮ እንቁላል… ገበያው መሐል ካለው የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ አያት ነበር። ሴቶቹ ከብበዋት፣ አንዷ ስታወራ ሌላዋ ስትስቅ። እንቁላል የሚገዙ መስለውኝ… (አንዱን ደብዳቤ አንሥቶ ያገላብጣል) ጋዜጣ ሳነብላት መስመር ስዘል፣ «እሱን ዘለልህ» ትለኝ ነበር።

ታሂር፦ አንተስ ምን ትላት ነበር?

ሙዓዊያ፦ «ማሻአላህ፣ ጆሮሽ እንዴት ብርቱ ነው!»

ታሂር፦ (ይስቃሉ፤ ወዲያው ያቆማሉ) ይቅር በለኝ።

ሙዓዊያ፦ ለምን ደበቀችኝ?

ታሂር፦ ምያለሁ አልሁህ። ግን የማልሁት በአፌ ነው፤ ወረቀቱ አልማለም። ሳቅ አቋረጠህ እንጂ ደብዳቤው አላለቀም።

ሙዓዊያ፦ (የጣለውን አንሥቶ ቀስ ብሎ ያነባል) «…አፍኜ ሳቅሁ። መጻፍ የተማርሁት እሱ ከሚያመጣቸው የተሻሩ ወረቀቶች ነው። የማይችሉትን ሴቶች ቃል የምጽፍልዎትም እኔ ነኝ። ለእሱ እንዳይነግሩብኝ አደራ። ሲያነብልኝ ድምፁ ደስ ይለኛል፤ መቻሌን ካወቀ ማንበቡን ይተዋል።» (ወረቀቱን አጠገቡ ያደርጋል) ኅዳር 2003። የጓዳውን ዕቃ እንደገና የመደብሁት በ2004 ነው። ከዚያ በፊት ስኳር…

ታሂር፦ ሰባት ነበር?

ሙዓዊያ፦ ሰባት ነበር። (ቅጹን ያያል) «የተፈበረከ» ብዬ ልጽፍባት ነበር እኮ። ዝም ብለው ሊያዩኝ ነበር? ስምዎ ሲጠፋ?

ታሂር፦ ለሙታን የተማለ መሐላ አይፈታማ። ብቻ እሷን ውሸት ልትላት ስትል፣ መዝገብህ እንዲናገር አደረግሁት።

ሙዓዊያ፦ የሐምሌ 9ኙ ምን ይላል? ጠዋት ቀኑን ብቻ እንደመዘገብሁ ከእጄ ወሰዱብኝ እንጂ አላነበብሁትም።

ታሂር፦ (ከጆንያው ሳይሆን ከኪሳቸው አውጥተው ይሰጡታል) እንካ።

ሙዓዊያ፦ «ጉዳዩ፦ ስለ ባሌ አንድ ዘፈን ስለመጠየቅ። ሁሉም ተራውን ወስዷል፤ ግመሏም ሳትቀር። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ጽፌ ለራሴ ምንም ጠይቄ አላውቅም።» መለሱላት?

ታሂር፦ በማግስቱ መልሱን ይዤ መጣሁ። ደጃፍህ ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሰጪ ነኝ፤ ተቀባይ አጣሁ። ጀርባውን ገልብጠው።

ሙዓዊያ፦ (ያነባል)
«ጨዉን መዘገበ፣ ስኳሩን ቆጠረ፣
የኔ ሳቅ ነው እንጂ፣ ከመዝገብ የቀረ።»

(ሙዓዊያ መነጽሩን አውልቆ በክራቫቱ ይወለውላል። ከመንገዱ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።)

ታሂር፦ መጣ። ቅጹስ?

ሙዓዊያ፦ (መነጽሩን አድርጎ ይጽፋል) «እውነተኛ። የደብዳቤ ብዛት፣ 112። የጸሐፊ ብዛት፣ 1። የአድናቂ ብዛት፣ 39…»

ታሂር፦ ስም የላትም ብለህ ያልቆጠርሃት አለች።

ሙዓዊያ፦ (ይሰርዛል) «40። ማስታወሻ፦ በኅዳር 12 ቀን 2003ቱ ደብዳቤ የተጠቀሰው ደደብ ባል በአካል ቀርቦ ተረጋግጧል።»

ታሂር፦ በል ፈርምበት።

ሙዓዊያ፦ (ይፈርማል፤ ሌላ ባዶ ቅጽ ይስባል) ሁለተኛ ቅጂ።

ታሂር፦ አንዱስ ለአዳራሹ ነው። ሁለተኛው ለማን ነው?

ሙዓዊያ፦ ለባለጉዳይዋ። መቃብሯ ድረስ ሄጄ ራሴ አነብላታለሁ፤ ዘፈኑንም ጭምር፣ አንድ መስመር ሳልዘል። (ቅጂውን አጥፎ በደረት ኪሱ ይከታል። ይነሣል። በበርጩማው ሥር፣ በጆንያው ኋላ፣ በበሩ ጥግ እየዞረ ይፈልጋል።) ጋሽ ታሂር፣ ጫማዬን የት አደረጉብኝ?

ታሂር፦ እግርህ ላይ።