ጠጥቼው የማላውቀውን መጠጥ እንዴት እንዳቆምኩ

በአገራችን መጠጥ ቤት ጠይቆ ያገኘ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አይጠየቅም። ጠላ ቤቱ እንጨት ላይ ጣሳ ደፍቶ ይጠራችኋል፣ ግሮሰሪው በሙዚቃ ይጎትታችኋል፣ አረቄ ቤቱማ ምልክትም አያሻው፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አፍንጫችሁን ብትከተሉ ያደርሳችኋል። የመጠጥ ማቆሚያው ቦታ ግን ምልክት የለው፣ ሽታ የለው። አገሩ ጠፍ የሚሆንባችሁ ልታቆሙ የተነሣችሁ ዕለት ነው። ይህን የምላችሁ ጠጥቼ አይደለም። ጀማል እባላለሁ፣ ሮቤ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ፣ ወላሂ መጠጥ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ከእናንተ በቀር ግን የሚያምነኝ አጥቻለሁ።

ነገሩ የመጣው በጎረቤቴ በጌታቸው ነው። እኔ ጨርቅ እቆርጣለሁ፣ እሱ ከሱቄ ደጃፍ ተቀምጦ በመኪናው ይሰፋል። አረቄው እጁን ማንቀጥቀጥ እስኪጀምር ድረስ ጎበዝ ሰፊ ነበር። ከዚያ በኋላማ የሰፋው ሱሪ አንዱ እግር ለበጋ፣ ሌላው ለክረምት ሆኖ ይወጣ ጀመር። የአንዱን የቢሮ ሠራተኛ ኪስ ሰፍቶ ዘጋበትና፣ ሰውየው እጁን የሚያስገባበት አጥቶ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ወታደር ተገትሮ ዋለ። እንዲህ ስንስቅ ስንስቅ ሚስቱ ፀሐይ ልጆቿን ይዛ ጎባ እናቷ ዘንድ ገባች። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ።

ጌታቸው ያን ሰሞን መኪናውን ሳይነካ ከረመ። በመጨረሻ ሱቄ ገብቶ በሩን ዘጋና፣ ጎባ ውስጥ መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ የሚመካከሩበት ቦታ እንዳለ አንዲት ነርስ እንደነገረችው፣ የት እንደሆነ ግን ለመጠየቅ አፍሮ እንደወጣ አጫወተኝ። አብሬው እንድሄድና እኔ እንድጠይቅለት ፈለገ። መጠጣትህን ሮቤ በሙሉ ያውቃል፣ ምኑን ትደብቃለህ አልኩት።

«መጠጣቴንማ ይወቁ» አለ። «ላቆም መነሣቴን ነው እንዳያውቁብኝ የምፈልገው። ቢያቅተኝስ?»

ይህን ሰምቶ እንቢ የሚል ሰው አለ? ደግሞም ኮፊያ ያደረገ ሙስሊም ስለ መጠጥ ቢጠይቅ ማን ይጠረጥረዋል ተባባልን። ብልሃታችን ይህች ነበረች።

ጎባ ስንደርስ ከተራራው የወረደው ጉም መንገዱን ሸፍኖታል። ጌታቸው ግን ጉሙንም አላመነው፤ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ከኋላዬ ተለጠፈ። መጀመሪያ የተቀቀለ ድንች የምትሸጥ ሴትዮ ጠየቅኩ። ኮፊያዬን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠችና ድንች ሰጠችኝ። ቦታውን አታውቀውም። ቀጥዬ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጠየቅኩ። እሱ ያውቃል። «አይዞህ ወንድሜ፣ በማንም ይደርሳል» ብሎ አሳፈረንና መንገዱን ሙሉ አላህ መሐሪ መሆኑን አስረዳኝ። ለእኔ እኮ አይደለም ብዬ ወደ ጌታቸው ብዞር፣ በጋቢው ውስጥ ሆኖ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«እኔማ ላደርሰው ነው የመጣሁት።»

ቦታው ከአንድ ክሊኒክ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አስቴር የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አረቄ ሲያወጡና ሲቀምሱ ኖረው አሁን ሁለቱንም የተዉ ሴት ናቸው። ገና ስገባ አጨበጨቡልኝ። እኔ አልጠጣም አልኩ። ሁሉም በፍቅር ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ እኛም ስንመጣ ያልነው ይህንኑ ነው» አሉኝ ወይዘሮ አስቴር።

ማልኩ። አንዱ ዓይኑን ጠረገልኝ። መሐላ በጨመርኩ ቁጥር በሽታዬ እየጠናባቸው ሄደ። ላብ ሲያጠምቀኝ ያየ ጌታቸው ያን ጊዜ ጋቢውን ከፊቱ አወረደ።

«እሱ አይደለም» አለ። «እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ አስቴር እጁን አዩት፤ ሌላ ማስረጃ አልጠየቁም። እንዳይፈስበት ሻዩን ግማሽ ብቻ ቀድተው ሰጡትና ከጎናቸው አስቀመጡት። እኔ በር ላይ ቆሜ ድንቼን በላሁ። ማልቀስም ቃጥቶኝ ነበር፣ ግን ሰካራም ነው ይሉኛል ብዬ ተውኩት።

የባጃጁ ሹፌር ግን ጌታቸው ከመናገሩ በፊት ሄዷል። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ እኛ ሮቤ ሳንገባ ወሬው ቀድሞን ገብቶ ነበር። በማግስቱ አጎቴ ሐጂ ከድር ሱቄ ድረስ መጡ። ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ይላል። እውነቱን ላስረዳዎ ብዬ በኦሮምኛ ጀመርኩ፤ ምን ያደርጋል፣ «ዱጋ» የምትለው ቃል መጨረሻዋን ሳብ ካደረጓት «እውነት» ናት፣ ካሳጠሯት «ይጠጣል» ትሆናለች። እኔ እውነት እውነት እያልኩ ስጮህ፣ እርሳቸው የሰሙት መጠጥ መጠጥ ነው። ማመንህ ጥሩ ነው ብለው ዱዓ አድርገውልኝ ሄዱ።

ጌታቸው በቅዳሜው ጸንቷል። አንዴ ወድቆ ነበር፤ ወይዘሮ አስቴር ሻይ ቀድተው ተቀበሉት። ፀሐይ ከልጆቿ ጋር ተመልሳለች፣ የሱሪዎቹም እግር እኩል ሆኗል። እኔን ደግሞ መንገድ ላይ «ማሻአላህ፣ ፊትህ በራ እኮ!» ይሉኛል። ፊቴ ድሮም ይኸው ነው። ጌታቸው ላገኘው ሁሉ እውነቱን ይናገርልኛል፤ ሰዉም የራሱ ሳያንሰው የጓደኛውንም ይሸከማል እያለ ያመሰግነዋል።

በቀደም አንድ የእህል ነጋዴ ሱቄ ገብቶ ጨርቅ ሲያገላብጥ ቆየ። ሌላው ገበያተኛ እስኪወጣ ጠበቀና እንዴት እንዳቆምኩ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ወላሂ ብዬ ልጀምር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ሰውየውን አየሁት፤ ይህችን ጥያቄ ይዞ ስንት ሱቅ ደጃፍ ደርሶ እንደተመለሰ አላህ ይወቅ። ቅዳሜ አብረን እንሂድ አልኩት። ፊቱ ፈካ አለ።

«እንዳንተ ያለ ሰካራም ካቆመ፣ የማያቆም የለም» አለኝ።

ምን ልበለው? «ልክ ነህ» አልኩት።