ጋሽ ለማንኛውም እና አዲሱ ቅጥር

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አለ። ሕንፃው ይታደስ አይታደስ፣ ኃላፊው ይቀየር አይቀየር፣ እሱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በወረቀት ያላየውን የማያምን፣ ያመነውን የሚያትም፣ ያተመውን የሚያስቀምጥ፣ ያስቀመጠውን ደግሞ ከነቦታው የሚያስታውስ ሰው። በእኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም የሚል ካለ ወንበሩን ዞር አድርጎ ከጀርባው ያለውን መደርደሪያ ይመልከት፤ ምናልባት ሰውየው እሱ ራሱ ይሆናል።

የአንድ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ድርሻ ጋሽ ለማንኛውም ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም የቅጥር ደብዳቤያቸው ላይ ተጽፏል፤ ከደብዳቤው በቀር ግን የሚያስታውሰው የለም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ «ለማንኛውም ጃንጥላ ያዙ» ይላሉ። ስብሰባ ሲሰረዝ «ለማንኛውም ቃለ ጉባኤ ይያዝ» ይላሉ። የጥበቃ ሠራተኛው ልጁ ልታገባ መሆኗን ሲያበሥራቸው እንኳ «እሰይ! እንኳን ደስ ያለህ! ለማንኛውም የልደት ወረቀቷን ኮፒ አስቀር» ብለውታል።

ክቡርነታቸው የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣ የመዝገብ ቤቱ ብቸኛ ሠራተኛ፣ እንዲሁም «ታይቷል» የምትል የአንዲት ክብ ማኅተም ጠባቂ ናቸው። ማኅተሟ ሠላሳ አንድ ዓመት ከእጃቸው ስላልወጣች እጀታዋ የጣታቸውን ቅርጽ ይዛለች። አንድ ነገር ግን ጠላትም ቢሆን ይመሰክርላቸዋል፤ እስከ መጨረሻው መስመር ባላነበቡት ወረቀት ላይ ማኅተም አሳርፈው አያውቁም።

ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ከእሳቸው ጋር አንድ ግድግዳና አንድ ፕሪንተር ትጋራለችና። ዝምተኛ ሴት ናት። ስብሰባ ላይ ከተናገረችው የዋጠችው ይበልጣል። ሥራዋን ግን ታውቃለች፤ ስለዚህም ሥራ አስኪያጁ ከአንድ ሳምንት ሥልጠና «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚል ቃል ይዞ ሲመለስ፣ ቃሉን ወደ ሥራ የመለወጡ ዕዳ በእሷ ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ፕሮግራሙ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከደንበኞች የሚመጣውን ደብዳቤ ያነባል። አቤቱታ፣ ጥያቄ፣ ጥቆማ ወይም ምስጋና ብሎ ይለያል። ወደሚመለከተው ክፍል ይልካል፤ መልስም ይጽፋል። ባለሙያዋ በናሙና ደብዳቤዎች አስተማረችው። ሦስት ወር ሊሞከር፣ ከዚያም ይቆይ አይቆይ፣ በእሱ ምክንያት የትኛው የሥራ መደብ ይታጠፍ የሚለውን እሷ በሪፖርት ልታቀርብ ተወሰነ።

ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረ ማግስት ጋሽ ለማንኛውም በሯ ላይ ቆሙ።

«አዲስ ቅጥር መጣ አሉ።»

«ቅጥር አይደለም ጋሼ፤ ፕሮግራም ነው።»

«ደብዳቤ ያነባል?»

«ያነባል።»

«በመሥሪያ ቤቱ ስም መልስ ይጽፋል?»

«አዎ፣ ይጽፋል።»

«ታዲያ ዋሱ ማነው?»

ባለሙያዋ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ክፍላቸው ተመልሰው ለፕሮግራሙ የግል ማኅደር ከፈቱለት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የጎደሉ ሰነዶች» ብለው ፎቶግራፍ፣ የጤና ምርመራ፣ የትምህርት ማስረጃና የዋስ ፎርም መዘገቡ። በየሰኞው ጠዋት ብቅ ብለው «ልጄ፣ ያ ልጅ ዛሬም ፎቶውን አላመጣም» ማለት የዘወትር ልማዳቸው ሆነ።

ከዚያ ማተሙ መጣ። ፕሮግራሙ የጻፈውን እያንዳንዱን መልስ ያትማሉ፤ ያነባሉ፤ «ታይቷል» ይመቱበታል። እዚህ ላይ ቢቆሙ ደግ ነበር። እሳቸው ግን ማኅተም ያረፈበትን መልሰው በስካነር ወደ ሲስተሙ አስገቡት። ፕሮግራሙም አዲስ ደብዳቤ የመጣ መስሎት «ውድ ደንበኛችን፣ ደብዳቤዎ ደርሶናል» ብሎ መለሰላቸው። ያንንም አትመው፣ ማኅተም መትተው፣ አስገቡት። እሱም መለሰ። ባለሙያዋ ደርሳበት እስክታስቆመው ድረስ በሦስት ቀን ውስጥ ሁለቱ አርባ አንድ ደብዳቤ ተጻጽፈው ነበር።

«ምን ሆነው ነው ጋሼ?» አለች እጇን ራሷ ላይ ጭና።

«ጨዋ ልጅ ነው» አሉ በእርካታ። «በዚህ መሥሪያ ቤት ለጻፍኩት ደብዳቤ መልስ የሰጠኝ የመጀመሪያው ሠራተኛ እሱ ነው።»

የግዢ ክፍሉ ሰው ግን በቁጣ ሊፈነዳ ደረሰ። «ወረቀት አልባ ቢሮ ከሆንን ወዲህ የምንጨርሰው ወረቀት እጥፍ ሆነ! በዚህ ከቀጠልን ውሃውን ትተን ወረቀት ፋብሪካ ብንከፍት ይሻለናል» ይላል በየኮሪደሩ። አንድ ቀን ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ለቦርዱ አባላት ፕሮግራሙን እያሳየ ሳለ መብራት ጠፋ። ጋሽ ለማንኛውም ይህችን ቀን ሲጠብቋት የኖሩ ይመስል ሁለት ሣጥን ሙሉ የታተመ ወረቀት ተሸክመው ደረታቸውን ነፍተው ገቡ። አዳራሹ መስኮት አልነበረውም። የቦርድ አባላቱ ወረቀቱን ተቀብለው በጨለማ ውስጥ በአክብሮት ሲያገላብጡ ቆዩ።

ባለሙያዋ ትስቃለች፤ ትናደዳለች፤ መልሳ ትስቃለች። ሁለተኛው ወር አልቆ ሦስተኛው ሲጋመስ ግን ሳቁ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠርቷት በሩን ዘጋ።

«ሪፖርቱ በወሩ የመጨረሻ ዓርብ ይቀርባል። የመዝገብ ቤቱን ነገር በግልጽ ጻፊው።»

«ምን ብዬ?»

«አንቺ ታውቂያለሽ። ማሽን የሚያነበውን ሰው መልሶ የሚያነብበት ምክንያት አለ? በይ እስቲ፣ አለ?»

ምክንያት ልትፈልግ ሞከረች። አላገኘችም። ጋሽ ለማንኛውም ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። አንድ ጊዜ «ባለቤቴ ጡረታዬን ከእኔ የበለጠ ትፈራዋለች፤ ድስቶቿን ቁጥር እንዳልሰጥባት» ብለው አስቀዋት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለን ሰው ሁለት ዓመት ሲቀረው «አታስፈልግም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋትም። ሆኖም መደቡን የሚያድን ሐቅ አላየችም፤ ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ማኅተሟ ምንም አትጨምርም። ረቂቋ ላይ «የመዝገብ ቤት የሥራ መደብ ከእንግዲህ አስፈላጊ አይደለም» ብላ ጻፈች። ጽፋም ቀና ብላ ግድግዳውን ማየት አቃታት። ከግድግዳው ወዲያ ማኅተሟ ቷ፣ ቷ ትላለች።

ከዓርቡ ሪፖርት በፊት ባለው ሳምንት ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ አንድ የምሥራች ተናገረ። ፕሮግራሙ በሦስት ወር ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ አንድ የምስጋና ደብዳቤ ተቀብሏል! በመግቢያው በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ይሰቀላል። ሁሉም አጨበጨበ። ጋሽ ለማንኛውም ብቻ እጃቸውን እንደ አጣመሩ ጣሪያውን አዩ።

ሐሙስ ጠዋት ትልቅ ሣጥን ታቅፈው ባለሙያዋ ጋ ገቡ። ሣጥኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡና ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ።

«ልጄ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለዚህ ቤት ስንት የምስጋና ደብዳቤ የመጣ ይመስልሻል?»

«እንጃ ጋሼ።»

«ሁለት። አንዱ ለመብራት ኃይል የተጻፈ ነው፤ አድራሻ ተሳስቶ ነው የመጣው።»

አንድ ደብዳቤ አውጥተው መነጽራቸውን አስተካከሉ። የጻፉት ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ናቸው። «ለተከበረው መሥሪያ ቤታችሁ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ለሕዝብ ስለምትደክሙት ድካም ፈጣሪ ውለታችሁን ይክፈላችሁ እያልኩ፣ ለመላው ሠራተኞች ጤናና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ...» እንዲህ እያለ አሥራ አንድ መስመር ወረደ። በአሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ ጋሽ ለማንኛውም ጣታቸውን አሳረፉ፦ «...ውሃ ካየን አራተኛ ወራችን መሆኑን በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ።»

«ያንቺ ልጅ የመለሰላቸው ይኸውልሽ» አሉ። ሌላ ወረቀት ነበር፦ «ስለ መልካም አስተያየትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ጉዳይዎ ተዘግቷል።»

መምህርቷ አክብሮት አጉድዬ ይሆናል ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ምስጋናው አንድ ገጽ ሆኗል። ፕሮግራሙም አብልጦ አመስግኗቸዋል። በሦስተኛው ደብዳቤ ምስጋናው ሁለት ገጽ ተኩል ደርሶ፣ ውሃዋ በመጨረሻው ጥግ ላይ በአንዲት መስመር ተወሽቃለች።

«ሰው አቤት ሊል ሲመጣ ዘው ብሎ አይገባም» አሉ ጋሽ ለማንኛውም። «መጀመሪያ ያንኳኳል። ይሄ ሁሉ ምስጋና ማንኳኳት ነው። ልጅሽ ሲንኳኳ ሰምቶ 'እግዜር ይስጥልኝ' ብሎ በሩን ዘጋው።»

ባለሙያዋ ፕሮግራሙን ያስተማረችባቸውን ናሙናዎች ያኔውኑ አስታወሰች። አጫጭሮቹን ነበር የመረጠችው፤ ግልጽ ይሁንለት ብላ።

«ስንቱ ነው እንዲህ?»

«ሁለት መቶ ዘጠና ስድስቱ። አሥራ አምስቱ የእውነት አመስግነዋል፤ እኔም ደንግጫለሁ።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ጥፋቱ የእኔም ነው። ሁሉንም አንብቤያለሁ። ግን ደብዳቤውን በአንድ ሣጥን፣ መልሱን በሌላ ሣጥን ነበር የማስቀምጠው። አጠገብ ላጠገብ አድርጌ ያየሁት ያ ሦስት መቶ አሥራ አንድ ከተባለ በኋላ ነው።»

ባለሙያዋ ሣጥኑን እስከ ታች አገላበጠች። ከሥር አንድ የምታውቀው ገጽ ወጣ። የራሷ ረቂቅ ነው። «የመዝገብ ቤት የሥራ መደብ ከእንግዲህ አስፈላጊ አይደለም» ከሚለው መስመር ጎን «ታይቷል» ተመትቶበታል፤ ቀኑ የዛሬ ስምንት ነው። ከሥሩ በእርሳስ፣ በዚያ በሚታወቅ ጥንቁቅ ጽሕፈት፣ «ከመቼ ጀምሮ? ቀን ይገለጽ» ይላል።

ፊቷ እሳት ሆነ። በእነዚያ ስምንት ቀናት ውስጥ በየጠዋቱ በሯ ላይ ቆመው እንደ ወትሮው «እንዴት አደርሽ ልጄ» ብለዋታል።

«ጋሼ... ይሄን...»

«ፕሪንተሩ ላይ ነበር።»

«ለምን አልተቆጡኝም?»

«ምን ብዬ? ረቂቅ ነው እኮ። ሰው በረቂቁ አይያዝም።»

«ሣጥኑንስ? ቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ ቢወስዱት እርስዎ...»

«እና አንቺን ያባርርሽ? ፕሮጀክቱ ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ቆጣ ብለው፣ «በይ አሁን ሣጥኑን ዝም ብለሽ አትዪው። ሰዎቹ ውሃ ይጠብቃሉ።»

በማግስቱ ባለሙያዋ ስብሰባው ላይ ተነስታ ቆመች። የግዢ ክፍሉ ሰው ወጥታ ልትሄድ መስሎት እግሩን ሰብስቦ አሳለፋት። እሷ ግን ተናገረች። የመምህርቷን ሦስት ደብዳቤዎች ከነመልሶቻቸው አነበበች።

«ታዲያ ፕሮግራሙ አይሠራም ነው የምትይው?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ጆሮው ቀልቷል።

«ይሠራል። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ሰው እንዴት አቤት እንደሚል ሳላስተምረው ነው ሥራ ያስገባሁት። አጠገቡ የሚቀመጥ አንባቢ ይፈልጋል።»

«ማንን?»

መልስ መስጠት አላስፈለጋትም፤ የአዳራሹ አንገት ሁሉ ወደ አንድ ወንበር ዞረ። ክቡርነታቸው ቃለ ጉባኤ እየያዙ ስለነበር ቀና አላሉም። ሥራ አስኪያጁ በበሩ ላይ ሊሰቀል የነበረው ጽሑፍ እንዲቀር፣ የመዝገብ ቤቱም መደብ እንዲቆይ አዘዘ።

አሁን ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እሳቸው ያነባሉ፤ እሷ ፕሮግራሙን ታስተምራለች፤ ቀኑን ሙሉ ይነታረካሉ። የጥገና ሠራተኞች መምህርቷ ቤት ደርሰው የተዘጋውን መስመር ከከፈቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእሳቸው አራተኛ ደብዳቤ መጣ። ምስጋናው ሦስት ገጽ ነው። ፕሮግራሙ እንደ ተማረው «አቤቱታ፣ አስቸኳይ» ብሎ ለጥገና ክፍል ሊልከው ተነሳ።

«አዪዪ፣ ደግሞ ምን ተበላሸባቸው?» ብለው ጋሽ ለማንኛውም ደብዳቤውን አትመው እስከ መጨረሻው መስመር ወረዱ። ተመልሰው ከላይ ጀመሩ። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ምን ይላሉ ጋሼ?»

«ምንም አይሉም» አሉ። «አመሰገኑ እንጂ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ ግራና ቀኝ አይተው ደብዳቤውን ለአራት አጠፉና ማኅተም ሳይመቱበት፣ ቁጥር ሳይሰጡት፣ ወደ ኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት። ያልተመዘገበ ወረቀት ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ ያየ ሠራተኛ ወዲያውኑ ያመልክት የሚል ደንብ አለ፤ ያረቀቁትም ራሳቸው ናቸው። ባለሙያዋ ግን ያን ሰዓት ስክሪኗ ላይ አቀርቅራ በጣም፣ በጣም ሥራ በዝቶባት ነበር።