በገዛ ደጃቸው የቆሙት ገዥ

እናንተ የዛሬ ሰዎች ግማሽ ቀን ተሰልፋችሁ ስትውሉ አገር ይስማልን ትላላችሁ። ቅር አይበላችሁና፣ ያ መጠበቅ አይባልም። መጠበቅ ሙያ የነበረበትን ዘመን እኔ አይቻለሁ። ጠላት ከወጣ በኋላ ሹመት የሚፈልግ ሰው ማመልከቻ ጽፎ ቤቱ አይቀመጥም፤ ከትልቅ ሰው በር ሄዶ ይቆማል። በየቀኑ ይቆማል። ደጅ መጥናት ማለት ይኸው ነው። መታየት አለ፣ መንገድ መዝጋት ግን የለም፤ እጅ መንሣት አለ፣ ቀድሞ መናገር ግን የለም። የግንቡ ጥላ በስንት ሰዓት በየት በኩል እንደሚዞር ያላወቀ ደግሞ ሳይሾም በፀሐይ ያልቃል።

የዚህ ሙያ ሊቅ ግራዝማች አላምረው ነበሩ። በጠላት ጊዜ ሰሜን ተራራ ላይ ተዋግተው፣ ከዚያ ጎንደር ወርደው ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት በር ዐሥራ አንድ ዓመት ቆሙ። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ያን ጊዜ በር ያልነበረው አልነበረም። ወንድ ልጅ ተወለደልዎ የተባሉት እዚያው ቆመው ነው፤ ልጁ ዳዊት ደገመ የተባሉትም እዚያው። ማታ ማታ አንድ ሰው ብቅ ብሎ "ነገ ተመለሱ" ይላል፣ እሳቸውም ይመለሳሉ።

የተሾሙትም በመቆማቸው ነው። ማኪና እንዲያስገባ በሩ ይስፋ ተባለና አዲሱ ምሰሶ የሚተከልበት ቦታ ሲለካ ልክ ግራዝማች ከቆሙበት ላይ ዋለ። ትልቁ ሹም በመስኮት አዩና "እኒህን ሰውዬ አንድ ቦታ ሹሙና አንሡልኝ" አሉ። የእኛ ወረዳ ገዥ አልነበረውም።

የወረዳውን ስም አልጠራም፤ ከጎንደር ወደ ሰሜን፣ ብርድ የሚጠናበት የገብስ አገር ነው በሉ። እኔ የወረዳው ጸሐፊ ነበርኩ። አዲሱ ገዥ በሚገቡበት ቀን ቀለሙን በጥብጬ፣ ወንበሩን አስወልውዬ ስጠብቅ እኩለ ቀን ሆነ። ወጥቼ ባይ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከበረኛችን ከአያ ፈንቴ ፊት ቆመዋል።

"አያ ፈንቴ፣ እኒህ ማናቸው?"

"እንጃ። ጌታው አልገቡም፣ ጠብቅ ስለው እሺ ብሎ ቆመ። ሸጋ ሰው ነው።"

ገዥው መሆናቸውን ብነግረው አያ ፈንቴ አላመነኝም። "ገዥ ቢሆንማ ለኔ እጅ ይነሣል?" አለ። እውነቱን ነው።

አስገብቼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ባለጉዳይ ገብቶ እጅ ሲነሣ እሳቸውም ተነሥተው እጅ ይነሣሉ፤ ባለጉዳዩ ደንግጦ ዝቅ ይላል፣ እሳቸውም ዝቅ ይላሉ፤ አንዳንዱን ቀና ያደረግሁት እኔ ነኝ። ፍረዱ ሲባሉ ግን ጨነቃቸው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከመንግሥት አፍ የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነው። እሱኑ ተናገሩት።

"ነገ ተመለሱ።"

ከባለጉዳዮቹ አንዷ ወይዘሮ ብርቄ ናት። ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጅ ታሳድጋለች። የባሏ ወንድም መሬቷን ነጥቆ ሊያርስባት በሬውን ጠምዷል። "አይድረስባት" የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ዘር ሳይዘራ ካልያዘች፣ ልጆቿ የሰው ደጅ ሊቀሩ ነው። ደብዳቤውን እኔ ጽፌዋለሁ። አራት ጊዜ ገባች፣ አራት ጊዜ "ነገ ተመለሺ" ተባለች። ተናደድኩ፣ ግን ጸሐፊ ነኝ፤ የጸሐፊ ንዴት ወደ ቀለሙ ነው የሚገባው።

ግራዝማችም ወንበሩ እየቆረቆራቸው ሄደ። በሳምንቱ፣ ልማድ ነውና፣ በማለዳ መጥተው ከባለጉዳዩ ጋር በር ላይ መቆም ጀመሩ። እዚያ ሲሆኑ ሌላ ሰው ናቸው! ይሰማሉ፣ ይመክራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። አንድ ቀን ብርቄን አዩዋት።

"ምነው እቴ፣ ዛሬም አላተሙልሽም?"

"አላተሙልኝም ጌታዬ።"

"ምን ያለ ጨካኝ ሰው ነው!"

ብርቄ አፏን ያዘች። "እርስዎ ነዎት እኮ ጌታዬ።"

ግራዝማች አንገታቸውን ደፉ። "አውቃለሁ። እዚያ ውስጥ ስገባ ምን እንደሚነካኝ እንጃ" አሉ።

ይኼኔ ሮጬ ገብቼ ደብዳቤውንና ማኅተሙን ይዤ ወጣሁ። አያ ፈንቴ በሩ ላይ እጁን ዘረጋ። "ያለ ገዥው ፈቃድ ማኅተም አይወጣም!" ግራዝማች ቀረብ ብለው እጅ ነሡትና "እባክህ አያ ፈንቴ፣ አሳልፈው" ብለው ለመኑት። አሳለፈኝ። በዕድሜያቸው በር ላይ ለምነው ሲሆንላቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደብዳቤው እዚያው፣ በአያ ፈንቴ ጀርባ ላይ ታተመ።

ወሬው ጎንደር ደረሰና አንድ መርማሪ ቦርሳውን በብብቱ ይዞ መጣ። ወንበሩ ባዶ ነው።

"ገዥው የት አሉ?"

"ደጅ እየጠኑ" አለ አያ ፈንቴ።

"ማንን?"

"ራሳቸውን።"

ግራዝማች ተሻሩ፣ እኔም ተባረርኩ። ይባስ ብሎ መርማሪው "ከበር ውጭ የታተመ ደብዳቤ አይጸናም" ብሎ የብርቄን ደብዳቤ የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። ጎንደር ላይ ትልቁ ሹም እስኪፈርሙበት ድረስ ነው እንግዲህ የብርቄ መሬት የብርቄ ሆኖ የሚቆየው።

እንጀራዬን ልለምን ጎንደር ብወርድ ግራዝማችን አዲሱን ምሰሶ ተደግፈው አገኘኋቸው። ፊታቸው በርቷል። በሦስተኛው ቀን መርማሪው ደብዳቤውን ሊያስፈርም መጣና "ነገ ተመለስ" ተባለ። ገፍቶ ሊገባ ሲል ግራዝማች እጁን ያዙት። "እንደሱ አይደለም ልጄ። የገፋ ሰው አይገባም። ና፣ እዚህ ጋ ጥላው ቶሎ ይመጣል።" ሙያቸውን አንድም ሳያስቀሩ አስተማሩት። መጠበቁን እንዲህ ሲለምድ፣ ክረምቱ መሐል ላይ የመርማሪነት ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠበት። ከዚያ ወዲያ የራሱም ጉዳይ ተጨመረለትና ከእኛው ጋር ቀረ።

ታኅሣሥ ላይ ወይዘሮ ብርቄ ካዲሱ ገብስ አንድ ስልቻ በሶ ላከች። ግራዝማች ጨበጡና መጀመሪያ ለመርማሪው አጎረሱት፤ አዲስ ቋሚ ቶሎ ይርበዋል።

"ሸጋ በሶ ነው። ከየት መጣ?" አለ።

"ጉዳይዋ ካለቀላት አንዲት ሴት።"

መርማሪው ያልተፈረመውን ደብዳቤ የያዘች ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ በረጅሙ ተነፈሰ።

"ታድላ!" አለ።