ጭስ የማያመልጣቸው ዶክተር መኪያ

ሲጋራ ከሚያጨስ ሰው ጋር መኖር ይቻላል። የሚያጨስ ሰው የሚፈልገው ክብሪትና አንዲት ጥግ ብቻ ነው። መከራው ካቆመ ሰው ጋር መኖር ነው። ላቆመ ሰው አንዲት ጥግ አትበቃውም፤ ቤቱን በሙሉ፣ ሰፈሩን በሙሉ፣ የእናንተንም ሳንባ ጨምሮ ይፈልጋል። መቼ እንዳቆመ ይነግራችኋል። ስንት ቀን እንደሆነው ይነግራችኋል። ሳትጠይቁት ደግሞ እናንተ መቼ እንደምታቆሙ ይነግራችኋል።

እንዲህ ያለ ሰው በየከተማው አይጠፋም። ጅዳ ለሚኖሩ ሐበሾች የደረሷቸው ግን የካራንቲና ሰፈሯ ክብርት ዶክተር መኪያ ናቸው።

ዶክተርነቱን የሰጣቸው ዩኒቨርሲቲ የለም። ትምህርታቸው ወሎ፣ ደጋን ላይ፣ አምስተኛ ክፍል ሳሉ ነው የተቋረጠው። ማዕረጉን የሰጧቸው ሰዎች ናቸው፤ ግማሾቹ ተናደው፣ ግማሾቹ አመስግነው። ሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ነው ይላሉ፤ እሱን ግን እርግጠኛ ሆነው አይደለም። እርግጠኛ የሆኑት ሲጋራ ካቆሙ ሰባት ዓመት ከሁለት ወር እንደሆናቸው ነው።

ሰላምታቸው የታወቀ ነው። ትከሻ ለትከሻ አራት ጊዜ ይሳሳማሉ፤ ሦስቱ ለሰላምታ፣ አራተኛው ለምርመራ። በአራተኛው ላይ አፍንጫቸው ከሻሻችሁ ሥር ትንሽ ይቆያል። አንዷ ሦስት ዓይነት ሽቶ ተነክራ፣ ብርቱካን በልታ፣ አፏን በማር ተጉመጥምጣ መጣች አሉ። ዶክተር መኪያ ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱና፣ «ሽቶሽ ማሻአላህ! ከሥሩ ያለችው ግን የዛሬ ጠዋት ናት» አሏት።

አል-ባላድ ገበያ ውስጥ አንድ የመናዊ ጨርቅ ሻጭ አለ፤ እሳቸው ከገበያው ጫፍ ብቅ ሲሉ ሲጋራውን ጥሎ ጥርሱን መፋቅ ይጀምራል። ለቅሶ ቤት ሄደውም አያርፉም። ሊያጨስ ወደ ደረጃው ሹልክ ያለውን የሟች የወንድም ልጅ ተከትለው ወጥተው፣ በእጅጌው እየጎተቱ መልሰው አምጥተውታል። ቦርሳቸው ለሠርግ ወጥ የሚበቃ ቅርንፉድ ይዟል። ሰው ሲቁነጠነጥ ካዩ ሁለት ፍሬ መዳፉ ላይ ጣል ያደርጉና፣ «ያላ፣ አፍህን ሥራ ስጠው!» ይላሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን ስልካቸው ውስጥ ነው። «ንፁህ አየር» የሚባል የዋትስአፕ ቡድን አላቸው። አባላቱ አርባ የሚሆኑ፣ በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። ለመጻፍ ጊዜ ያላት ስለሌለች ሁሉም የሚሄደው በድምፅ ነው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ሲያምርሽ፣ ከመለኮስሽ በፊት ድምፅ ላኪ፤ እጇ የተፈታች ትመልስልሻለች። አንዷ ከኩሽና፣ ሌላዋ ከሰገነት ትንሾካሾካለች። እጇ የተፈታች ከጠፋች ዶክተር መኪያ አሉ። ዶክተር መኪያ መቼም አይጠፉም።

ነኢማ የምትባለውን የቤት ሠራተኛ ወደዚህ ቡድን ያስገባቻት የጎረቤት ቤት ሠራተኛዋ ቆንጂት ናት። ቆንጂት ክርስቲያን ናት፤ ሲጋራዋን ያቆመችው ሁዳዴ ሲገባ ነበር። ለፋሲካ ልትመለስበት ቆርጣ ሳለ፣ ገና በማለዳ ዶክተር መኪያ ደወሉላት፤ «እንኳን አደረሰሽ እታለም! ጾሙ የተፈታው ለሥጋ ነው፣ ለጭስ አይደለም።» ቆንጂት እስከ ዛሬ ጾም ላይ ናት።

ነኢማ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ይህን ሱስ ራሷ ፈልጋ አላመጣችውም። በምትሠራበት ቤት ማዳምና እናቷ በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ሳሎን ተቀምጠው ሺሻ ያጨሳሉ። አሮጊቷን ቤቱ በሙሉ «ሲቲ» ነው የሚላቸው። ፍሙን የምታቀጣጥለው ነኢማ ናት። ጭሱ ነጭ ሆኖ እስኪወፍር ድረስ ቱቦውን እየሳበች የምታስነሳውም እሷ ናት። ከዚያ ጫፉን ጠርጋ ታቀርባለች። የመጀመሪያውን ዓመት እያሳላት ሳበች። በሁለተኛው ዓመት ሳሉ ተዋት። በሦስተኛው ዓመት፣ ቤተሰቡ ለጉዞ በወጣበት አንድ ቀን፣ የምታቀርብለት ሰው ሳይኖር ሺሻውን አስነስታ ራሷን አገኘችው።

ከዚያ በኋላ በቻርጅ የምትሠራዋን ትንሽዬ ሲጋራ ከአል-ባላድ ገዛች። ሰገነት ላይ፣ ከተሰጣው አንሶላ ጀርባ ቆማ ትስባለች። ማንም አላወቀባትም። ያወቀባት ጉሮሮዋ ነው።

ነኢማ መንዙማ ታወጣ ነበር። ካራንቲና ውስጥ ዓርብ ዓርብ ሴቶቹ ሲሰባሰቡ እሷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል፤ ዓይኗን ስትጨፍን ወሬኛዋም ሳትቀር ዝም ትላለች። ታዲያ አንድ ዓርብ፣ በአንዲት ሕፃን አቂቃ፣ በስም ማውጫዋ ድግስ ላይ፣ ሁለተኛው ስንኝ መሐል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ተሰበረ። ሴቶቹ ጭብጨባውን አጠንክረው ሸፈኑላት። መሸፈናቸው ነው የበለጠ ያመማት። ከዚያ ወዲህ ዓርብ በመጣ ቁጥር ሥራ አለብኝ ማለት ጀመረች።

ለቆንጂት የነገረቻት ያን ጊዜ ነው። ቆንጂትም ለዶክተር መኪያ ነገረች። ከዚያ ወዲያ ነኢማ ሰላም አጣች። ለሱብሂ ይደውላሉ፣ ለዙህር ይደውላሉ፤ በቀን አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሱና ጨምረው ስድስት። «አፍሽን ሥራ ሰጥተሽዋል?» ይላሉ። ነኢማ ቁጥራቸውን ስልኳ ላይ «አታንሺው» በሚል ስም መዘገበችው። ቢሆንም ታነሳዋለች። ክሊኒክም ወሰዷት፤ ክንዷ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት ተሰጣት። ትንሿን ሲጋራም ራሷ ሰብራ ጣለቻት።

ሺሻውን ግን ምን ታድርገው? ቀኑን ሙሉ ስትታገል ውላ፣ ከዐስር በኋላ ያንኑ ቱቦ አፏ ውስጥ ትከታለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ኩሽና ውስጥ ሆና ለቡድኑ ድምፅ ላከች፤ «እትዬ መኪያ፣ እኔ እንዴት አድርጌ ላቁም? ማጨስ እኮ ሥራዬ ነው።»

በ«ንፁህ አየር» ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የዶክተር መኪያ መልስ አንድ ሰዓት ሙሉ ዘገየ። ሲመጣ አጭር ነበር። «ነገ ከዐስር በኋላ እመጣለሁ።»

መጡም። ደህናዋን አባያቸውን ለብሰው፣ ቅርንፉዳቸውን ይዘው ሳሎኑ በር ላይ ቆሙ። ነኢማ ፍም የተሞላ ማንደጃ በእጇ ይዛ ደርቃ ቀረች።

«አክስቷ ነሽ?» አለች ማዳም።

«የሁሉም አክስት ነኝ» አሉ ዶክተር መኪያ፣ በሃያ ሁለት ዓመት የኩሽና ዓረብኛቸው። «ይህች ልጅ ጭስ እንዳትስብ ተከልክላለች።»

«ማን ከለከላት?»

«ዶክተር።»

«የትኛው ዶክተር?»

«ዶክተር መኪያ።»

ነኢማ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለች። ማዳም ፊቷን ወደ እሷ አዞረች። «ነኢማ፣ ታጨሺያለሽ እንዴ?»

ነኢማ፣ አዎ ያለች ሠራተኛ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች፤ ሻንጣና የአውሮፕላን ቲኬት። ፍሙ ፊቷን ያቃጥላታል።

«ታጨሳለች» አሉ ዶክተር መኪያ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር፤ እንደዚያ ሲያወሩ ነኢማ ሰምታቸው አታውቅም። «በየቀኑ፣ ከዐስር በኋላ፣ እዚሁ ፊትሽ ቆማ። አምስት ዓመት ሙሉ። አላየሻትም?»

የመለሱት ሲቲ ነበሩ። ሁሉም ተኝተዋል ብሎ ትቷቸው ነበር፤ ዓይናቸውን እንኳ አልገለጡም። «እኔ ሃምሳ ዓመት የራሴን ራሴ ነበር የማስነሳው። ልጄ ሠራተኛ ተቀጠረላትና ለትንፋሽም የሰው አስፈለጋት።»

ማዳም ተነስታ ወጣች። ሦስት ቀን በዚያ ቤት ስለ ሺሻ የተነፈሰ የለም። ነኢማ ሻንጣዋን በሐሳቧ ስታሰናዳ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ማዳም ሳሎን ተቀመጠችና ቱቦውን ራሷ ያዘች። «ፍሙን ብቻ አስቀምጪና ሂጂ፤ ያላ» አለች ዓይኗን ሳታነሳ። ነኢማ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የማዳምን ሳል ሰማች። የመጀመሪያ ዓመት ሳል ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ዶክተር መኪያ ጉራቸው አይቻልም ነበር። አላለቀም።

ነኢማ ባቆመች በአርባኛው ቀን ቤተሰቡ ለዑምራ፣ ለትንሹ ሐጅ፣ መካ ሄደ፤ ሲቲን የምትደግፍ ነኢማ ነበረችና አብራ ሄደች። ዑምራውን አደረገች፣ አለቀሰች፣ ልቧ ቅልል አለ። በማግስቱ፣ ካረፉበት ቤት ሰገነት ላይ፣ የዚያ ቤት ሠራተኛ ሲጋራ ዘረጋችላት። ነኢማ አልከፋትም፣ አልጨነቃትም፤ ደስ ብሏት ነበር። ለብስጭት፣ ለናፍቆት፣ ለድካም ተዘጋጅታ ነበር። ለደስታ ያዘጋጃት ሰው አልነበረም። ተቀብላ እስከ ጫፉ አጨሰችው።

ሲያልቅ የዑምራዋ ነገር ትዝ አላት። ከ«ንፁህ አየር» ወጣች፣ ስልኳን ዘጋች። ጅዳ ተመልሰው ዓርብ ዕረፍቷን ስታገኝ ከዶክተር መኪያ ለመሸሽ ዘመዷ ሳሊማ ወደምትኖርበት ወደ መካው ነካሳ ሰፈር ሄደች። የሳሊማ ቤት ዳገት ላይ ነው፤ ደረጃው ማለቂያ የለውም። ነኢማ ሦስት ጊዜ አርፋ፣ ደረቷን ይዛ ቀና ስትል፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ዶክተር መኪያ ጫማቸውን አውልቀው ጉልበታቸውን እያሹ ተቀምጠዋል።

«ሳሊማ ናት የነገረችኝ» አሉ። «አትቆጪያት፤ ስልክሽ ሲዘጋ በየቤቱ ስደውል ነው የዋልኩት።»

ነኢማ ቁጣውን ጠበቀች። አልመጣም። ከጎናቸው ተቀመጠች።

«አንድ ናት?»

«አንድ ናት።»

«ከዑምራ በኋላ ስለሆነ ነው እንዲህ ያቃጠለሽ?»

ነኢማ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ዶክተር መኪያ ከሥራቸው የተደረደሩትን ጣሪያዎች እያዩ ማውራት ጀመሩ። «ለሰው ነግሬ አላውቅም። ሰባት ዓመት የምለው አምስተኛው ሙከራዬ ነው። የፊቶቹን አልቆጥራቸውም፤ አፍራለሁ። የመጨረሻው ጊዜ ከከተማ ውጭ አንድ ቤት ነበርኩ። ስልኬን ማዳሟ ይዛብኛለች። አማርኛ የምታወራ ነፍስ በአካባቢው የለችም። ሲያምረኝ ምን አደርግ እንደነበር ታውቂያለሽ? ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ጋር አወራለሁ። ‹ዛሬ እንዳላጨስ አደራህን› እለዋለሁ። እሱም ያጉረመርማል። ወላሂ፣ አንዳንዴ የሚመልስልኝ ይመስለኝ ነበር።»

ነኢማ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ወደ ልቅሶ ተለወጠባት።

«አብሽሪ። እንደማስቸግር አውቃለሁ። ቁጥሬን በምን ስም እንደመዘገብሽውም ቆንጂት ነግራኛለች። ሌላ ሴት ከማሽን ጋር እንድታወራ ስለማልፈልግ ነው እንጂ፣ እኔስ መደወሉ መች አይሰለቸኝም? በይ አሁን ጫማዬን አቀብዪኝ።»

በአንድ ሲጋራ አርባ ቀን አይፈርስም አሏት፤ ቆጠራው ግን ከዛሬ እንደገና ይጀምራል። ነኢማም በዚያው ዓርብ አንድ ብላ ጀመረች።

ሰባት ወር አለፈ። የሳሊማ ልጅ ተዳረችና ነካሳ ላይ ሴቶች ተሰበሰቡ። ማንም አልለመናትም፤ ነኢማ ራሷ ዓይኗን ጨፍና አወጣች። የድሮው ድምፅ አልነበረም፤ ወፈር ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ እንደ አዲስ የተሠራ ነበር። ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ግን አልተሰበረም። ዶክተር መኪያ ከሁሉ ጮክ ብለው፣ ከዜማው ወጥተው፣ በእንባ ታጥበው ተቀበሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁለቱ በአውቶቡስ ወደ ጅዳ ተመለሱ። አውቶቡሱ ከመካ ሳይወጣ ዶክተር መኪያ ነኢማ ላይ ተደግፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ አፋቸውን ከፍተው፣ ለስለስ አድርገው እያንኮራፉ። ነኢማ ዝም ብለው ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር። ትንሽ ሴት መሆናቸውን ልብ ያለችውም ያን ጊዜ ነው።

ጭናቸው ላይ ያለው ስልክ ጠራ። የማይታወቅ ቁጥር ነው። እንዳይነቁ ብላ ቶሎ አነሳችው።

«ዶክተር መኪያ ናቸው?» የወጣት ሴት ድምፅ ነው። «ለኩሼዋለሁ። ገና አልሳብኩትም። ግን እጄ ላይ ነው ያለው።»

«እሳቸው ተኝተዋል። እኔ ነኢማ እባላለሁ» አለች በሹክሹክታ። «አብሽሪ እህቴ፣ እዚሁ ነኝ። ስምሽ ማነው?»

«ዘቢባ።»

«የማን አገር ልጅ ነሽ ዘቢባ? እናት አባት አሉሽ?»

ዘቢባ መጀመሪያ በአንድ ቃል መለሰች፤ ቀጥሎ በሁለት። ከዚያ ስለ ባቲ ገበያ፣ አምና ስለወለደችው ታናሽ እህቷ፣ የልጁን ስም ማን እንዳወጣ አንስታ መንገር ጀመረች። ነኢማ ክንዷ ደንዝዟል፤ አልተንቀሳቀሰችም። በመስኮቱ በኩል ድንጋያማው ሜዳ እየሮጠ ያልፋል። አንድ ቦታ ላይ ልጅቷ ወሬዋን አቋረጠች።

«ኧረ እህቴ!»

«ምነው?»

«አለቀ እኮ። ሳልስበው በራሱ ነዶ አለቀ።»