ከቢስክሌቱ ኋላ የተቀመጠችው

ለጤና ሩጫ ይሻላል ወይስ ቢስክሌት? ብትሉኝ፣ ባል ላላት ሴት ሩጫ ይሻላል እላለሁ። የሚሮጥ ባል ቢርቅ የት ይደርሳል? ላብ አጥምቆት፣ አቧራ ለብሶ፣ «ውሃ!» እያለ ይመጣል፤ የት እንደዋለ ገላው ይመሰክርለታል። ቢስክሌት የሚነዳው ግን ሱሪው ሳይጨማደድ ሄዶ ሳይጨማደድ ይመለሳል። ማን ይመሰክርበታል?

የጎረቤቴ የላቀች ባል ሯጭ ነበር። ማለዳ ከደባርቅ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ሮጦ ይመለስና ደጃፉ ላይ ቆሞ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። ያን ትንፋሽ በሰማሁ ቁጥር በላቀች እቀና ነበር። የኔው ባል መምህሩ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል፣ ቢስክሌት ጉልበት ያበጃል» ብሎ ከአስመራ ቢስክሌት አስመጣ። ለኔ ቀሚስ ማሰፋት የሚረሳ ሰው ለመቀመጫዋ ልብስ አሰፋላት! በብረት ይቀናል ወይ? አትበሉኝ። ይቀናል።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይዟት በዳባት መንገድ ይጠፋል። አንድ ቀን ላቀች መጣች።

«እትዬ፣ አልናገርም ብዬ ነበር።»

«ከመጣሽማ ተናገሪ።»

«መምህሩ አንዲት ነጠላ የለበሰች ከኋላቸው አስቀምጠው ሲነዱ አየሁ። ወገባቸውን እንኳ አልያዘችም። ምን ያህል ብትለምደው ነው!»

በሚቀጥለው እሑድ፣ ትዳሬ ይቁም ይፍረስ ሊለይለት፣ ከከተማው መውጫ ቆሜ ጠበቅሁ። መጣ። ከኋላው ነጠላ፤ ያውም ጠፋብኝ ብዬ ቤቱን ያመስኩለት የኔው ነጠላ! ሮጥኩ። ከሩጫም ከቢስክሌትም ይልቅ ለጉልበት የሚበጀው ለካ ቅናት ኖሯል። ሲከፋኝ አንቱ እለዋለሁ፤

«አንቱ ሰውዬ! ያውርዷት!»

ደንግጦ ፍሬን ሲይዝ እሷ ዱብ አለች። ገብስ መንገዱ ላይ ተበተነ።

ጆንያ ነበረች።

«እናትሽ ዘንድ ዳባት ላደርስሽ ነው» አለ፣ እንደተያዘ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ። «እንዳልጥልሽ ብዬ ነው የምለማመደው።»

«ነጠላዬስ?»

«ጎማው ውስጥ ገብቶ እንዳያንቅሽ ልሞክረው ብዬ።»

ጎንበስ ብዬ ገብሱን ለቀምኩ። ፊቴን የምደብቅበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

ዳባት ወሰደኝ። አቀበቱ ላይ ውረጂ ሲለኝ ብነጫነጭ፣ «ጆንያዋ እኮ አትጨቀጭቀኝም ነበር» ብሎ ሳቀ። የወሰደኝ ያንኑ አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ሕመሙ ቀደመን።

ዛሬ ሰዎች፣ «ቢስክሌቱን ሽጪውና እርምሽን አውጪ» ይሉኛል። በቢስክሌቱ መቅናት ትቻለሁ። ጆንያዋን ግን ጓዳ ጥግ ተጣጥፋ ባየኋት ቁጥር ዛሬም እቀናባታለሁ። ስንቱን እሑድ ከጀርባው ተቀምጣ ዋለች!