ስልኬ የቤቴን ጉድ ከየት ሰማ?

ጎበዝ፣ ዛሬ መቱ ላይ የተዋረድኩትን ብነግራችሁ ስልካችሁን ትጠረጥራላችሁ!

እሁድ ለት ባለቤቴ ጫልቱ «ዱዳ!» አለችኝ። በአርባ ዓመት ትዳር እንዲህ ተብዬ አላውቅም።

ዱዳ? ቆይ አሳይሻለሁ!

አፌን ዘጋሁ። ፊቴን አዞርኩ። እሷም ዝም አለች። አራት ቀን!

እውነት ለመናገር ቤቱ ጨነቀኝ። ዛሬ ጠዋት መላ ልፈልግ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ባንድ ጣቴ እየለቀምኩ «ሚስቴ አ» ብዬ ጻፍኩ።

ስልኩ ራሱ ጨረሰው። «ሚስቴ አታናግረኝም»።

ኧረ ገና አልጨረስኩም!

ከሥሩ ደግሞ «ሚስቴ አኮረፈችኝ ምን ላድርግ»። ማን ነገረው? ከሷ ሌላ ማን አለ!

ጓሮ ስወጣ ጫልቱ ከጎረቤታችን ከእትዬ ብዙነሽ ጋር ቡና ታሰጣለች። «ገመናችንን ለስልክ ታወሪያለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

እትዬ ብዙነሽ በሳቅ ፈረሰች። «ኧረ ጋሼ! ሰው ሁሉ ይህንኑ እየጠየቀው ነው እንጂ እርስዎን የት ያውቅዎታል? ይኸው የኔን ይዩ!» ብላ በራሷ ስልክ «ባሌ አይ» ብላ ጻፈች።

«ባሌ አይሰማኝም» አለ።

ጫልቱ አልሳቀችም። መጥታ ጆሮዬ ሥር ጮኸች። «አራት ቀን ሙሉ ከኋላህ እያናገርኩህ ነው! ዱዳ ያልኩህ በኦሮምኛ ነው!»

አያችሁ? በአማርኛ ዱዳ የማይናገር ነው። በኦሮምኛ የማይሰማ።

ኦሮምኛ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የሁሩሙ ወረዳ ልጅ አግብቼ! የማይናገር መባል ይሻለኝ ስለነበር የሚቀለውን መርጬ ነው የሰማሁት። ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል። እኔ ግን «ሰው ድምፁን ቀነሰ» እላለሁ።

ከዚያ ቀስ ብላ አንድ ነገር አለች። ከንፈሯን ብቻ አየሁ።

«ማል ጄቴ?» አልኳት፤ ምን አልሽ ማለቴ ነው።

«ያምሃል ወይ ነው ያልኩት።»



ነገ ሆስፒታል ይዛኝ ትሄዳለች። እሺ ብያለሁ፤ ስክሪንሾት አድርጉት፣ እሺ ስል ዳግም አታገኙኝም።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣ፣ አራቱን ቀን ምን ምን እንዳለችኝ ከመጀመሪያው እየደገመችልኝ ነው። ገና ሰኞ ላይ ነን።

ለመሆኑ ወንዶች፣ የናንተዋ እውነት አኩርፋ ነው?